የተማሪዎች ድባቴና የጊዜ ለውጥ፦ የወለጋ አብነት

ድባቴ ከዕለት ተዕለት ኀዘን የሚለየው በቆይታውና በሚያስከትለው ጉዳት ነው። የስሜት መውረድ ወይም የፍላጎት መጥፋት ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከትኩረት መዛባት ጋር ተዳምሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲዘልቅና ኑሮን ሲያውክ የጤና ችግር ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላይ ከክፍል መቅረት፣ ከጓደኛ መሸሽ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ሆኖ ሊታይ ስለሚችል እንደ ስንፍና ተቆጥሮ ይታለፋል። ምልክቶቹ ብዙም ባይለወጡም ተማሪውን የሚጫኑት ነገሮች ግን በየጊዜው ይለወጣሉ። የወለጋ ከተሞች ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ ይህን ያሳያል።

ከቤት መለየት

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ዋና ግቢው እንዲሁም በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎቹ ያስተምራል። ከቤት ርቆ ለሚመደብ ተማሪ የመጀመሪያው ጫና የሚመጣው በአንደኛ ዓመት ነው፦ አዲስ ከተማ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጋሩት ዶርም፣ የገንዘብ እጥረት፣ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት። ይህን ጫና ከሚያቀልሉት መካከል ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ የስልክ ግንኙነትና የዶርም ጓደኝነት ይገኙበታል።

የ2012 ዓ.ም. መቋረጥ

እነዚህ ሁለት መከታዎች በ2012 ዓ.ም. ተራ በተራ ተናጉ። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። ነቀምቴ ባለችበት ምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስልክ የሚሠራው በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት ነቀምቴ ያለ ተማሪ ስልኩ እየሠራ ደምቢ ዶሎ ያሉ ወላጆቹን ድምፅ መስማት አይችልም ነበር። መጋቢት 4 ቀን በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ከተገኘ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሲሸኙ የዶርም ጓደኝነትም ተበተነ። ጫናው ከእንግዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብቻ አልነበረም።

በፈተና የታጠረ ቆይታ

በ2015 ዓ.ም. ሌላ ለውጥ መጣ። በጥቅምት ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ካላለፉት ብዙዎች በሬሜዲያል ፕሮግራም ገቡ፤ ለእነርሱ ግቢ መግባት ማለፍን አያረጋግጥም። በሐምሌ ደግሞ ለዕጩ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ቀድሞ የእፎይታ ዘመን የነበረው የመጨረሻው ዓመት በዚህ የተነሣ አዲስ የስጋት ወቅት ሊሆን ይችላል።

ለውጡ እንዴት ይለካል?

በጥናቶች ከሚዘወተሩት መለኪያዎች አንዱ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ያሉት፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ የሚሰጠው ፒኤችኪው-9 ነው። መጠይቁ ለልየታ እንጂ ብቻውን ለምርመራ ውሳኔ አይበቃም። በአዲስ አበባ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ የተፈተሸው የአማርኛው ቅጂ መለያ ነጥብ 10 ሲሆን፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተፈተሸው የአፋን ኦሮሞ ቅጂ መለያ ነጥብ 8 ነው። ስለዚህ በተለያየ ቋንቋና መለያ ነጥብ የተገኙ ሁለት መቶኛዎችን አነጻጽሮ ድባቴ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት ያሳስታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበሰብ መረጃም የአንድ ወቅት ምስል እንጂ የለውጥ ማስረጃ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ለውጡን ለማወቅ ተመሳሳይ ተማሪዎችን በመግቢያ፣ በአጋማሽና በመመረቂያ ወቅት፣ በሚናገሩት ቋንቋ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የምክር አገልግሎትም የአዲስ ገቢዎች አቀባበል ላይ ብቻ ሳይወሰን የሬሜዲያልና የመውጫ ፈተና ወቅቶችን ማካተት ይገባዋል። የመጠይቁ ዘጠነኛ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ «አዎ» የሚል ተማሪ መረጃው ተመዝግቦ ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ አጥኚው በዚያው ቀን ወደ ሕክምና የሚያደርሰውን መንገድ መጠይቁን ከማደሉ በፊት ማዘጋጀት አለበት።