ማርም ሽሮም የሆነው ፈሳሽ
የኢፖክሲ ቪስኮሲቲ በጣና ዳር ሲሰላ

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ ጥንታዊ መጓጓዣ ነው። ዛሬ ከእርሱ ጎን ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያደርሱ የሞተር ጀልባዎች ይታያሉ። የጀልባ አካል ከሚሠራባቸው ቁሶች አንዱ ፋይበርግላስ ነው፤ ይህም የመስታወት ክር በሬዚን ርሶ ሲጠነክር የሚገኝ ቁስ ነው። ሬዚኑ ፖሊስተር ወይም ኢፖክሲ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ኢፖክሲ ነው።

ባለሙያው ሬዚኑን ከማጠንከሪያው ጋር እንዳዋሐደ ከጊዜ ጋር እሽቅድምድም ይጀምራል። ፈሳሹ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሳይጨርስ ከጠነከረ ደረቅ ሥፍራ ይቀራል፤ ጀልባው የሚደክመውና ውሃ የሚያስገባውም በዚያ በኩል ነው። እንግዲህ ጥያቄው ስንት ደቂቃ አለን የሚል ነው።

መልሱ የሚገኘው ቪስኮሲቲን፣ ማለትም ፈሳሽ መፍሰስን የሚቃወምበትን የዝልግልግነት መጠን በማስላት ነው። ማር ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሽሮ ግን እሳት ላይ ሲቆይ ይወፍራል። ኢፖክሲ ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ሙቀት ሞለኪውሎቹን እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ በማድረግ ያቀጥነዋል፤ ያው ሙቀት ደግሞ ኬሚካዊ ለውጡን በማፋጠን ያወፍረዋል።

አንድ የኢፖክሲ ሞለኪውል ሁለት፣ የተለመደው የአሚን ማጠንከሪያ ሞለኪውል ደግሞ አራት እጆች አሉት እንበል። እጆቹ ሲያያዙ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ይቀናጀል፤ በመጨረሻም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መረብ ይሆናል። ይህ ቅጽበት የጄል ነጥብ ይባላል። ፖል ፍሎሪ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀመረው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የሁለቱ ወገን እጆች በቁጥር እኩል ከሆኑና ሁሉም በእኩል ዕድል ከተያያዙ፣ መረቡ የሚፈጠረው ከመቶ 58 ያህሉ ሲያያዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ፈሳሹ አይፈስም።

ካስትሮና ማኮስኮ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረቡት ሞዴል ይህን ጉዞ በቀመር ይገልጻል። የጄል ነጥቡ መጠን ለነጥቡ ለመድረስ ለቀረው መጠን ይካፈላል፤ ውጤቱም በሙከራ በሚገኝ ኃይል ከፍ ይላል። ለምሳሌ ኃይሉን 2 እናድርገው። የመንገዱ ግማሽ ሲያልቅ ቪስኮሲቲው 4 እጥፍ፣ ከመቶ 90 ሲያልቅ 100 እጥፍ፣ ከመቶ 99 ሲያልቅ 10,000 እጥፍ ይሆናል። ፈሳሹ ለረጅም ጊዜ ታጋሽ መስሎ በድንገት እጅ የሚነሳው ስለዚህ ነው።

አሁን ስሌቱን ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። በበጋ የማለዳው ብርድና የቀትሩ ሙቀት እጅግ ይራራቃሉ። ለብዙ የኢፖክሲ ዓይነቶች የ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ የለውጡን ፍጥነት ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ስለዚህ ማለዳ ወፍራም ሆኖ ጊዜ የሚሰጠው ሬዚን ቀትር ላይ ቀጥኖ ጊዜ ይነሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ከተማዋ በስሟ ባሕር ዳር ትባል እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቅርጽ ውስጥ ሬዚኑን የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በዚህ ከፍታ 81 ገደማ ነው። በዳርሲ ሕግ መሠረት የመሙያው ጊዜ ከቪስኮሲቲ ጋር ይጨምራል፣ ከግፊት ጋር ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ወለል 40 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ እዚህ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በተጨማሪዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ቪስኮሲቲው ማሻቀቡን አያቆምም።

መፍትሔው ሬዚኑን ይበልጥ ማሞቅ ብቻ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚሠራ ማጠንከሪያ መምረጥ፣ የመግቢያ ቱቦዎችን ማብዛትና ፈሳሹ የሚጓዝበትን ርቀት ማሳጠር ይቻላል። ውሕዱን በአንድ ትልቅ ዕቃ ማከማቸትም አይገባም፤ ለውጡ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ራሱን በራሱ ያፋጥናል፣ እስከ መጨስም ይደርሳል። ጓንትም አይዘንጋ።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ በሌላ ሙቀትና በሌላ መጠን የተለካ ሊሆን ይችላል። የጣናን ማለዳና የጣናን ቀትር ለይቶ መለካት ግን በዚሁ በሐይቁ ዳር ለሚሠራ ሰው የተተወ ነው።