የሌሎች አገሮችን የበዓል ልማድ ለልጆች በቤት ውስጥ ስለ ማስተማር

የበዓል ትምህርት ከቤት ይጀምራል። የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ሥርዓት በካህናትና በሼኮች የሚፈጸም ቢሆንም፥ ሕፃን የበዓልን ምንነት አስቀድሞ የሚያውቀው ከእናቱ ማድ ቤት፥ ከአባቱ ምርቃትና ከጎረቤት ልጆች ጨዋታ ነው። ስለዚህ የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው ለታላላቆቹ ሥርዓቶች የሚሰጠውን ትኵረት ያህል ለዚህም ለቤቱ ትምህርት ሊሰጠው ይገባል።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ ልጅ የሚሰማው የወገኖቹን በዓል ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የልዩ ልዩ አገር ልጆች አብረው የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በአሜሪካ፥ በአውሮፓ፥ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ልጆቻቸው ስለ ማያውቁት በዓል ይጠይቋቸዋል። እንግዲህ የልጁን የራሱን ልማድ ሳያደበዝዙ፥ የባለ በዓሉንም ክብር ሳይነኩ፥ የሌላውን ሕዝብ በዓል በቤት ማስተማር የሚቻለው በምን ዐይነት ሥርዓት ነው?

1. የጎረቤት ሥርዓት

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የቈየ ልማድ በኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛል። በወሎና በሌሎችም አገሮች ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በየበዓላቸው ይጠያየቃሉ፤ ክርስቲያኑ በዒድ ቀን፥ ሙስሊሙም በፋሲካ ቀን እንኳን አደረሳችሁ ሊል ይሄዳል። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። ባለ ቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ለእንግዳው ሥጋ የሌለበት ምግብ ያዘጋጃል፤ ወይም የእንግዳው ሃይማኖት ወገን የሆነ ሰው ለብቻው እንዲያርድለት ያደርጋል።

ይህን እያየ የሚያድግ ልጅ ማንም ቈጥሮ ሳያስተምረው ሦስት ነገር ይማራል። መጀመሪያ፥ በዓል ባለቤት እንዳለው፤ ሁለተኛ፥ የጎረቤት ደስታ በመጠየቅ እንደሚካፈሉት፤ ሦስተኛ፥ መካፈሉ የታወቀ ወሰን እንዳለውና ወሰኑን ማክበር ጠላትነት እንዳይደለ ነው። ይህ የእንግድነት ሥርዓት በግድግዳ ለተጎራበቱት ብቻ ሳይሆን በባሕር ለተለያዩትም ሕዝቦች ይሠራል። የሩቁን አገር በዓል ለልጁ የሚያስተምር ወላጅ ልጁን በሐሳብ ወደ ጎረቤት ቤት እንደሚወስድ ሊቈጥረው ይገባል።

2. ልጁ በበዓሉ ውስጥ ያለው ድርሻ

ወደዚያ ቤት መግቢያው በር ግን የትኛው ነው? ሕፃን የበዓልን ታሪክ በሙሉ ሊረዳ አይችልም፤ ባለ በዓሎቹ ልጆች በዚያ ቀን ምን እንደሚሠሩ ቢነገረው ግን ወዲያው ይገባዋል። በብዙ አገር በዓል ለልጆች የተለየ ሥራ ተመድቦላቸው ይገኛልና።

የኢትዮጵያን ምሳሌ ብናስቀድም፥ ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በደብረ ታቦር በዓል፥ በሕዝቡ አነጋገር በቡሄ፥ ወንዶች ልጆች በትር ይዘው በየደጃፉ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ባለ ቤቲቱ ሙልሙል ትሰጣቸዋለች፤ እነርሱም ቤቱን መርቀው ያልፋሉ። መስከረም 1 ቀን ደግሞ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ዘመን መለወጡን ያበሥራሉ። ልጁ ግጥም ማውጣትን፥ ያገኙትን በትክክል መካፈልንና ታላቅን መመረቅን የሚለማመደው በዚሁ ሥራ ነው።

በአይሁድ ዘንድ የፋሲካ ሌሊት ማዕድ ያለ ልጅ ጥያቄ አይጀመርም ለማለት ይቻላል። ሴዴር በሚባለው በዚህ ሥርዓት ከቤተ ሰቡ በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ያ ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች ስለ ምን እንደሚለይ ይጠይቃል፤ ስላልቦካው ቂጣ፥ ስለ መራራው ቅጠል፥ እያጠቀሱ ስለ መብላትና ተደግፎ ስለ መቀመጥ። ታላላቆቹም ከግብፅ የመውጣትን ታሪክ እየተረኩ ይመልሱለታል። ከቂጣው አንዱ ቍራሽ ይሸሸግና ልጆቹ ሲፈልጉት ያመሻሉ፤ ይህም እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው የሚረዳ ብልሃት ነው። በኦሪት ዘፀአት ታሪኩን ለልጅ መንገር ትእዛዝ ስለ ሆነ፥ ልጁ ከሥርዓቱ ዋና ተካፋዮች አንዱ ነው።

በኢራንና በአጎራባቾቿ አገሮች የሚከበረው ኖውሩዝ፥ ትርጓሜውም አዲስ ቀን ማለት፥ መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ይውላል። ኢራናውያን ስማቸው በሲን ፊደል የሚጀምር ሰባት ነገሮች በገበታ ላይ ይደረድራሉ፤ ከእነዚህም ነጭ ሽንኩርት፥ ፖም፥ ኮምጣጤና በሳሕን ላይ የበቀለ የስንዴ ወይም የምስር ቡቃያ ይገኙባቸዋል። ቡቃያው አስቀድሞ በቤት ውስጥ ይበቅላል፤ በዓሉ በገባ በ13ኛው ቀን ቤተ ሰቡ ወደ መስክ ወጥቶ በሚፈስ ውሃ ላይ ይጥለዋል። ለጠላ ብቅል ስታበቅል እናቱን ያየ የኢትዮጵያ ልጅ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ስንዴውን ራሱ ነክሮ፥ በየቀኑ ውሃ እያርከፈከፈ ቢጠብቀው፥ የኢራን ሰው ዘመኑን የሚለውጠው ብርዱ አልፎ ምድር ስትለመልም እንደ ሆነ፥ የኢትዮጵያ ሰው ደግሞ ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ እንደ ሆነ አነጻጽሮ ይረዳል። ሁለቱ ሕዝቦች በተለያየ ወር በአንድ ዐይነት ምክንያት ደስ ይላቸዋል።

በጃፓን በአውሮፓ አቈጣጠር መጋቢት 3 ቀን ሴት ልጅ ያለችው ቤት ንጉሠ ነገሥቱን፥ ንግሥቲቱንና ባለሟሎቻቸውን የሚመስሉ አሻንጉሊቶች በቀይ ጨርቅ በተሸፈነ ደረጃ ላይ ይደረድራል። በበዓሉ ማግስት አሻንጉሊቶቹ ካልተነሡ የልጅቱ ጋብቻ ይዘገያል የሚል አባባል አለ። በግንቦት 5 ቀን ደግሞ ዓሣ የሚመስል የጨርቅ ሰንደቅ በረጅም እንጨት ላይ ይሰቀላል፤ ዓሣው ወደ ፏፏቴው ሽቅብ እንደሚወጣ፥ ልጁም ችግርን አሸንፎ እንዲያድግ የመመኘት ምልክት ነው። ይህ ቀን ቀድሞ የወንዶች ልጆች በዓል ሲሆን በ1948 የልጆች ሁሉ የሕዝብ በዓል ሆኖ ታወጀ። በስዊድን በአውሮፓ አቈጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን፥ በሲሲሊያ ደሴት በሰማዕትነት ባረፈችው በቅድስት ሉሲያ ስም፥ ሴት ልጅ ነጭ ለብሳ፥ የሻማ አክሊል ደፍታ፥ ለቤተ ሰቡ ቡናና የበዓል ዳቦ ታቀርባለች። ቀንና ሌሊት በማይበላለጡበት አገር ላደገ ልጅ ግን የብርሃኑ ነገር የሚገባው፥ በዚያ ወራት በስቶክሆልም ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ እንደምትጠልቅ ሲነገረው ነው።

3. የዘመን አቈጣጠር ልዩነት

በውጭ አገር ያሉ ወላጆች ብዙ የሚቸገሩበት ነገር የቀኑ ልዩነት ነው። ባልንጀሮቹ ልደትን አክብረው ከጨረሱ በኋላ የቤቱ ገና የሚመጣለት ልጅ የእኛ ለምን ዘገየ ብሎ ይጠይቃል። ዝም ከተባለ ወይም እንዲያው ልማድ ነው ከተባለ፥ የወላጆቹን በዓል የሌላው ግልባጭ፥ ያውም የዘገየ ግልባጭ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በዓሉንም የሚተወው ከዚህ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመን አቈጣጠሩን ሲያሻሽሉ የምዕራብ አገሮች ቀስ በቀስ ተቀበሉት፤ አሮጌውን የያዙት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በዚያው ጸኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ 13 ቀን ስለ ሆነ፥ በአሮጌው ታኅሣሥ 25 የሚባለው ቀን በአዲሱ ጥር 7 ይሆናል። ይህም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ታኅሣሥ 29፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው። የእስላም በዓላትም በጨረቃ ስለሚቈጠሩና ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ፥ በፀሐይ አቈጣጠር ሲታዩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ። ልጅ ወላጆቹ ባሉበት ሦስት ዐይነት መቍጠሪያ በግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ቢያይ፥ ማንኛውም ሕዝብ በራሱ ስሌት በጊዜው እንደሚያከብር ያስተውላል።

4. የመካፈል ወሰን

ዕርድን በሚመለከት ጎረቤታሞቹ እንደሚጠብቁት ወሰን ሁሉ፥ በዚህም ትምህርት ወሰን መኖር አለበት። ምግቡን ማብሰል፥ ጌጡን መሥራት፥ ሰላምታውን መማርና ታሪኩን መተረክ ለእንግዳ የተፈቀዱ ናቸው። ጸሎት፥ መሥዋዕትና ንዋየ ቅድሳት ግን በትረካ እንጂ በጨዋታ ሊቀርቡ አይገባም። በማያውቅ ቤት ውስጥ የሴዴርን ቡራኬ በቴያትር መልክ ማሳየት አይሁዳዊውን እንደሚያስከፋ ለመረዳት፥ በባዕድ አገር ልጆች በጥምቀት ቀን ሣጥን ተሸክመው የታቦት ጨዋታ ሲጫወቱ ኢትዮጵያዊው ምን እንደሚሰማው ማሰብ ይበቃል። ጎረቤት ራሱ ቢጠራ ግን ሄዶ ማየት ከመጽሐፍ ሁሉ ይበልጣል።

ደግሞም በቅድሚያ የራሱን በዓል ያላወቀ ልጅ የሌላውን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ለዚህ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤል ታሪክ ምስክር ነው። እነርሱ በኢትዮጵያ ሳሉ ፋሲካን በኦሪት መሠረት በግ እያረዱ ያከብሩ ነበር እንጂ፥ በሌሎች አይሁድ ዘንድ የሚነበበውን የሴዴር መጽሐፍ አያውቁትም ነበር። በ1984 እና በ1985፥ ከዚያም በ1991 በብዛት ሲገቡ፥ ልጆቻቸው የሌሎቹን ሥርዓት መማር ነበረባቸው። ነገር ግን ስግድ የተባለውን፥ ስሙም ሰገደ ከሚለው ግስ የወጣውን በዓል፥ ከተራራ ወጥቶ ጾሞ ኦሪት የማንበቡን ልማድ ይዘው ሄዱ፤ በኢየሩሳሌምም አከበሩት። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የመንግሥት በዓል አደረገው። ቤተ ሰቦችና ቄሶች በዓላቸውን ለልጆቻቸው ባያቈዩት ኖሮ፥ አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው የሚማሩት ነገር ባልኖረም ነበር። የሌላውን በዓል በቤቱ የሚያስተምር ወላጅም ይህን ሊያስብ ይገባል፤ ልጁ ነገ በእንግድነት ሲሄድ፥ ባለ ቤቱ በተራው ስለ ራሱ በዓል ይጠይቀዋልና።