ሳይታሽ የሚጋገር ዳቦ የእናቶችን ድካም ያቃልላል

በጋምቤላ ክልል በባሮ ወንዝ ዳርቻ በሚገኘው በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚኖሩት የአኙዋ፣ የኑዌርና የኦፖ ገበሬዎች ዋነኛ እህል በቆሎና ማሽላ መሆኑ ይታወቃል። ባሮ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በተወው ርጥበት ላይ ዳግመኛ ዘር ይዘራበታል። ስንዴ ግን በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ ሰብል በመሆኑ ዱቄቱ በመቱና በጎሬ በኩል በመኪና ተጭኖ ይመጣል። በዚህም የተነሣ ዳቦ ከዳቦ ቤት ወይም ከሱቅ የሚገዛ እንጂ በቤት የሚጋገር ነገር ተደርጎ የማይታይበት ቤት ብዙ ነው።

ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ሲቀርቡ ይሰማል። አንደኛው ሊጡን ማሸት ጉልበት ይጨርሳል የሚል ነው። ሁለተኛው ፎርኖ የለንም፣ ሦስተኛው እርሾ አናገኝም የሚሉ ናቸው። የገበሬ ማኅበርና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎች ሊያውቁት የሚገባው ነገር ቢኖር ከሦስቱ አንዱም ቢሆን ዳቦን ከቤት የሚያስቀር አለመሆኑን ነው። በተለይም የመጀመሪያው።

በቆሎውን በሙቀጫ የምትወቅጠው፣ ውሃውን ከወንዝ የምትቀዳው፣ እንጨቱን ለቅማ የምትሸከመው ያችው አንዲት ሴት ናት። በዚህ ሁሉ ላይ ለግማሽ ሰዓት ሊጥ እሺ ማለት የማይሞከር ነው፤ አለመሞከሩም የሚያስወቅሳት አይደለም። ሆኖም ሊጥ ሳይታሽም ዳቦ ይሆናል።

ምክንያቱ በስንዴው ውስጥ ነው። የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን፣ እንደ መረብ የሚለጠጠውን ነገር ይሠራሉ። እርሾው የሚያወጣው አየር በዚህ መረብ ተይዞ ዳቦውን ያነሣዋል። ማሸት መረቡን ቶሎ ያጠነክረዋል እንጂ የሚፈጥረው ማሸት ብቻ አይደለም። ሊጡ ቀጠን ብሎ ለብዙ ሰዓት ከተተወ መረቡ በራሱ ጊዜ ይያያዛል። አማርኛችንም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ሴትየዋ ሊጡን «አቦካች» እንላለን፣ ሊጡ ግን ራሱ «ቦካ» እንላለን።

በዚህ ዘዴ ዓለም ዳግመኛ የተነጋገረበት በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ነበር። ጂም ሌሂ የተባለ የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪ የሚሠራበትን ሳይታሽ የሚጋገር ዳቦ፣ ማርክ ቢትማን የተባለ ጸሐፊ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አወጣው። ብዙ ውሃ፣ በጣም ትንሽ እርሾ፣ ከ12 እስከ 18 ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያም ክዳን ባለው ከባድ ድስት ውስጥ መጋገር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ድስቱ ከሊጡ የሚወጣውን እንፋሎት ይዞ ስለሚያስቀር የዳቦ ቤትን ፎርኖ ሥራ ይሠራል። በአገራችን ድፎ ዳቦ በኮባ ተሸፍኖ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት ሲጋገር የኖረ በመሆኑ፣ የድስቱ ብልሃት ለእኛ እናቶች እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን የኒው ዮርኩ ሰዓት ለኢታንግ አይሠራም። እንዲያውም የአዲስ አበባው እንኳ አይሠራም። ኢታንግ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር እርሾው ይፈጥናል። 10 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ የመቡካቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በደጋ እስከ ማግስቱ ቀትር የሚጠበቀው ሊጥ በኢታንግ ማታ ተለውሶ ጎሕ ሲቀድ ይደርሳል። በቀን ሙቀት ከተተወ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቦክቶ ያልፍበታል፣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሌሊት ሊጥ ይሻላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመካከለኛ ብርጭቆ ሦስት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ ደረቅ እርሾ በአንድ ሳህን ይቀላቀላል። ከእንስራ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል፣ ይጨመርበትና ዱቄቱ በሙሉ እስኪርስ ድረስ በማማሰያ ይለወሳል። ከዚህ በኋላ ማሸት የለም። ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅና ያልተስተካከለ መስሎ ቢታይ አይገርምም፣ እንደዚያ መሆን አለበት፤ ዱቄት ጨምሮ ማጠንከር ሥራውን ያበላሻል። ተከድኖ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድራል። ጠዋት ሊጡ እጥፍ ያህል አድጎ ፊቱ በአረፋ ከተሞላ ደርሷል። ሰዓት ከመቁጠር ይህን ምልክት ማየት ይበልጣል። ከዚያ እጅን ዱቄት አስነክቶ ሦስት አራት ጊዜ ማጠፍና ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ነው።

የብረት ድስት ካለ ከክዳኑ ጋር አስቀድሞ ይሞቃል፤ ሊጡ ተገልብጦበት ተከድኖ በፍም ላይ ይቀመጣል፣ ክዳኑም ላይ ፍም ይደረጋል። የሸክላ ድስት ከሆነ ግን ሊጡን ይዞ ቀስ እያለ ይሙቅ፤ በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ሊጥ ከወደቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሦስት ሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሥሩ ሲንኳኳ ባዶ ነገር የሚመስል ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ዚንክ የተቀባ አዲስ ቆርቆሮ በፍም ላይ ክዳን ማድረግ ጭሱ ስለሚጎዳ መቅረት አለበት። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጣሳማ የቱንም ያህል ቢታጠብ ወደ ማጀት መግባት የለበትም። ይህን የማኅበሩ መሪ በስብሰባ ላይ ደጋግሞ ቢናገረው አይበዛም።

የስንዴው ነገር ይህን ያህል ነው። የኢታንግ እህል ግን በቆሎ ነው። በቆሎ ግሉተን የለውም። ስለዚህ የበቆሎን ሊጥ ቀኑን ሙሉ ቢያሹት የሚጨምረው ነገር የለም፤ ማሻሻያው ሌላ ነው። ከዱቄቱ ከፊሉ በፈላ ውሃ ሲታሽ ሳይሆን ሲለወስ ስታርቹ ይያያዝና ሊጡ አይፈረፈርም። እጅ እስኪችለው ድረስ ሳይበርድ እርሾ ከገባበት ግን እርሾው ይሞታል። ሦስት እጅ ስንዴ ላይ አንድ እጅ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ በቆሎ ሲጨመር ዳቦው ደህና ይነሣል፤ የሚገዛው ዱቄትም በአራት አንድ እጅ ይቀንሳል። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ከበድ ይላል፣ ይበላል ግን። በቆሎ ብቻ ከሆነ ሊጡ እንደ ወፍራም ገንፎ ተደርጎ ካደረ በኋላ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በድስት ይጋገራል። ሱዳኖች ከቦካ የማሽላ ሊጥ ስስ አድርገው የሚጋግሩት ኪስራም ሳይታሽ ከሚሠራው ወገን ነው።

የሻገተ በቆሎ አይጋገር። በርጥበት አገር በቆሎ በሚገባ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በእሳት አይጠፋም። እህሉ 13 በመቶ ወደሚሆን ርጥበት እስኪወርድ መድረቅ፣ የሻገተውና የጠቆረው ፍሬም ከመፈጨቱ በፊት ተለቅሞ መጣል አለበት።

ማገዶም ሌላው ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. በወረዳው የኩሌና የቲርኪዲ የስደተኞች መጠለያዎች ከተከፈቱ ወዲህ እንጨት ፈላጊው በዝቷል፤ የነባሩም የስደተኛውም ሴት የምትሄደው ወደዚያው ዱር ነው። ዳቦን ብቻ ብሎ እሳት ማንደድ አያዋጣም። የጠዋቱ ምግብ ከተሠራ በኋላ በቀረው ፍም ላይ ትንሽ ብቻ እየጨመሩ መጋገር፣ ጎረቤታሞችም በተራ በአንድ እሳት ሁለት ሦስት ድስት ቢጥዱ የተሻለ ነው።

ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። 500 ግራም የሚመዝን የእርሾ እሽግ በዚህ ዘዴ ከ500 ያላነሰ ዳቦ ያቦካል፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢገዛው ከተከፈተ በኋላ በኢታንግ ሙቀት ኃይሉ ያልቃል። ማኅበሩ ገዝቶ በደረቅ ማንኪያ እየሰፈረ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ለአባላት ቢያከፋፍል ግን አይባክንም። እርሾው በሕይወት መኖሩን ለማወቅ በለብታ ውሃና በቁንጥር ስኳር ማቆየት ነው፤ በ10 ደቂቃ ካላረፋ ሞቷል። መንገድ ተዘግቶ እርሾ ሲጠፋ ከዛሬው ሊጥ አንድ ጭብጥ አስቀርቶ ለነገው መጠቀም ይቻላል፤ በሙቀት ስለሚኮመጥጥ ግን በየቀኑ መታደስ ይፈልጋል።

ማሳያው ደግሞ በስብሰባ አዳራሽ አይደረግ። አዳራሹን የሚሞላው ወንድ ነው፤ ሊጡን የምትለውሰው አዳራሽ አትመጣም። በአንዲት አባል ግቢ፣ በእርሷው ድስትና በእርሷው ጉልቻ፣ ማታ ተለውሶ ጠዋት ጎረቤቶች ባሉበት ቢከፈት ይበቃል። ዳቦው ሳይበርድ አይቆረጥም፤ ትኩሱን የቆረጡት እንደሆነ ውስጡ ጥሬ ይመስላል። የተረፈው በማግስቱ ይደርቃል፤ ከብት ባለበት ቤት በወተት ተነክሮ ለሕፃናት ይሰጣል።