የፊሽካና የባልዲ ሙያ

አዲስ አበባ ውስጥ «ዶልፊን» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ሚኒባስ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ እውነተኛው ዶልፊን፣ ይበልጡንም ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገንዳ ዳር ስለሚቆመው አሰልጣኙ ነው።

የአሰልጣኝ ቀን የሚጀምረው ወጥ ቤት ነው። ሄሪንግና ካፕሊን የሚባሉት ዓሦች በረዶ ሆነው ይመጣሉ። ከቀለጡ በኋላ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ሆዱ የተቀደደ ወይም ሽታው የተለወጠ ይጣላል። በረዶ ውስጥ የቆየ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚጎድለው ክኒን በስንጥቡ ይሸጎጥለታል። 200 ኪሎ የሚመዝን ዶልፊን በቀን 10 ኪሎ ያህል ዓሣ ይበላል፤ የእያንዳንዱ እንስሳ ቀለብ ተመዝኖ በየባልዲው ይከፈላል፣ ይመዘገባል። ከዚያ እጥበት ነው። እጅ ይደነዝዛል፣ የዓሣ ሽታም ከፀጉር ቶሎ አይለቅም።

እኛ ዘንድ ወይፈን የሚገራው በቀንበር፣ በቅሎ በልጓም ነው። ውኃ ውስጥ ላለ እንስሳ ልጓም የለም፤ ከተቆጡት ጥሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1963 ሃዋይ ውስጥ ሲ ላይፍ ፓርክ በሚባለው ቦታ የአሰልጣኞች ኃላፊ የሆነችው ካረን ፕራየር ሥራውን የጀመረችው ይህንኑ ተቀብላ ነው። መንገዱን የቀየሱት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ተማሪዎቹ ነበሩ። ዶልፊኑ ከውኃ ሲዘል ፊሽካ ይነፋል፣ ዓሣው ይከተላል። ያለ ፊሽካ ቢሆን ዓሣው አፉ እስኪገባ ዶልፊኑ ሌላ ሦስት ነገር ሠርቶ ስለሚሆን ለየትኛው እንደተከፈለው አያውቅም። አሰልጣኞች ፊሽካውን «ድልድይ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሲሳሳትስ? ቅጣት የለም፤ አሰልጣኙ ለሦስት ሰከንድ ያህል ፊቱን ሳይለውጥ ዝም ብሎ ይቆምና ሌላ ነገር ይጠይቀዋል።

ከፕራየር ዶልፊኖች አንዷ ማሊያ ትባል ነበር። ፊሽካ የሚነፋላት ከዚህ በፊት ዓሣ አግኝታበት የማታውቀውን ነገር ስታደርግ ብቻ ሆነ። ለጥቂት ቀናት የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች፣ አለቀባት፣ ተናደደች። ከዚያ ድንገት በጀርባዋ ተገልብጣ ጅራቷን ወደ ላይ ቀስራ መንሳፈፍ ጀመረች። ቀጥሎ ማንም ያላስተማራትን ሌላ ፈጠረች፣ ከዚያ ሌላ። የተፈለገው «አዲስ ነገር» መሆኑ ገብቷት ነበር። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በጥናት መልክ ታትሟል።

ለእኔ ግን ከዝላዩም ከፈጠራውም የሚበልጠው ተመልካች ጨርሶ የማያየው ነገር ነው። ዶልፊኑ በጀርባው ይተኛና ጅራቱን አሰልጣኙ ጭን ላይ ያሳርፋል። ሐኪሙ በአልኮል ይጠርግለታል፣ ሥሩን በጣቱ ይፈልጋል፣ መርፌ አስገብቶ ደም ይቀዳል። የያዘው ሰው የለም፤ ደስ ካላለው መሄድ ይችላል። እዚህ ለመድረስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ መጀመሪያ ጅራቱን መንካት፣ ቀጥሎ እርጥብ ጥጥ፣ ቀጥሎ በጣት ጫን ማለት፣ መጨረሻ ላይ መርፌ።

ሙያው ጨለማ ገጽም አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2010 ፍሎሪዳ በሚገኘው ሲወርልድ በተባለ የባሕር እንስሳት መናፈሻ፣ ቲሊከም የተባለ ኦርካ (ከዶልፊን ወገን ትልቁ) ልምድ ያላትን አሰልጣኝ ገደለ። ኩባንያው ከመንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጋር የገባውን ክርክር በ2014 በይግባኝ ተሸነፈ፤ በ2016 ደግሞ ኦርካ ማራባት ማቆሙን አስታወቀ። ካናዳ በ2019 ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ለመዝናኛ ማቆየትን በሕግ ከልክላለች። እኔም በዚህ ከሕጉ ጋር ነኝ፦ ኦርካን የሚያህል ፍጡር ገንዳ አይበቃውም።

ሙያው ግን አልሞተም፤ ካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም እናት አልባ የባሕር ኦተር (ፀጉራም የባሕር አጥቢ) ግልገሎችን ለአሳዳጊ እናት ኦተሮች ሰጥቶ ያሳድጋል። ግልገሉ ሰው እንዳይለምድ ሠራተኞቹ ፊታቸውን በጭምብል፣ ገላቸውን በጥቁር ካባ ሸፍነው ነው የሚቀርቡት። እዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ማለት እንስሳው የማያውቀው ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ «ይህን ልማር» ካለች አትሳቁባት። እዚያው ካሊፎርኒያ ሙርፓርክ ኮሌጅ ተማሪዎች የኮሌጁን የራሱን መካነ እንስሳት እየጠረጉና እየመገቡ የሚማሩበት ክፍል አለው፤ ሌሎች በባዮሎጂ ወይም በሥነ ልቦና ዲግሪ ይገባሉ። ዋናና ጠልቆ መዋኘት፣ ሰው ፊት መናገርም ይፈለጋል። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ብዙዎችም የሚጀምሩት ያለ ክፍያ በልምምድ ነው። ክረምቱን በአካባቢያችሁ የእንስሳት መጠለያ በፈቃደኝነት ትሥራ፤ ቆሻሻ መጥረጉን ከወደደችው ለማመልከቻዋም ይጠቅማታል።