ለኪራይ የሚውል ቤት በባንክ ብድር ለመግዛት ወይም ለመገንባት፦ ከመዋዋል በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ቤት ገዝቶ ወይም ገንብቶ ማከራየት በርካታ ዜጎች ቋሚ ገቢ ለማግኘት የሚመርጡት የሥራ መስክ ነው። ይሁንና በባንክ ብድር ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከቤቱ የሚገኘው ኪራይ የብድሩን ወርኃዊ ክፍያ ይሸፍናል ወይ የሚለው ነው።

1. ባንኮች የሚመረምሩት

ባንኮች በቅድሚያ የሚያዩት የተበዳሪውን የመክፈል አቅም ነው። ደመወዝ ወይም የንግድ ገቢ በማስረጃ ይረጋገጣል፤ ቀደም ሲል የተወሰዱ ብድሮችና የአከፋፈል ታሪክም ይጣራሉ። ገና ያልተከራየ ቤት ወደፊት ያስገኛል የሚባለው ኪራይ ብቻውን እንደ በቂ ገቢ ላይቆጠር ይችላል። በተጨማሪም ባንኩ የሚሠራው የቤት ግምት ሻጩ ከጠየቀው ዋጋ ሊያንስ ስለሚችል፣ ልዩነቱን ከራስ ቁጠባ ለመሸፈን መዘጋጀት ያስፈልጋል።

2. መያዣ

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በመያዣነት የሚቀርበው ቤቱና በይዞታው የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ መብት በዋስትና የሚያዘው እስከተከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን ድረስ ነው። የመያዣ ውሉ በጽሑፍ ሊደረግና የማይንቀሳቀስ ንብረት በሚመዘግበው አካል ዘንድ ሊመዘገብ ይገባል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ገዢው ካርታው በሻጩ ስም መሆኑንና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

3. ስሌቱ በምሳሌ

አንድ ሰው 2,000,000 ብር በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ15 ዓመት በእኩል ክፍያ ለመመለስ ቢበደር ወርኃዊ ክፍያው 32,208 ብር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 30,000 ብሩ ወለድ በመሆኑ ከዋናው ብድር የሚቀንሰው 2,208 ብር ያህል ብቻ ነው። ቤቱ በወር 25,000 ብር ቢከራይ በየወሩ ከ7,000 ብር በላይ ከሌላ ገቢ መሙላት ግድ ይላል።

ቤቱ ያለ ተከራይ ለሚቆይበት ጊዜ፣ ለእድሳትና ለግብር ከኪራዩ 20 በመቶ ቢቀመጥ ለብድር የሚተርፈው 20,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በተመሳሳይ ወለድና ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ብድር ወደ 1,240,000 ብር ነው። ስለዚህ የብድሩ መጠን መወሰን ያለበት ባንኩ በሚፈቅደው ጣሪያ ሳይሆን ኪራዩ በሚችለው ልክ ነው።

4. የኪራይ ሕግ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይደረጋል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። አከራዩ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅም ሆነ ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው በላይ ኪራይ መጨመር አይችልም። የወለድ ምጣኔው በብድር ውሉ መሠረት ከፍ ሊል ቢችልም ኪራዩን በዚያው መጠን ማሳደግ እንደማይቻል ተበዳሪው ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል።

5. ክፍያ ቢቋረጥ

በባንክ በመያዣ የተያዘ ንብረትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። በመሆኑም ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ለኪራይ ቤት ብድር በመያዣነት ማቅረብ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ውሳኔ ነው። ክፍያ ያስቸገረው ተበዳሪ ውዝፍ ሳይከማች የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምለት ለባንኩ በጽሑፍ ቢያመለክት ይመረጣል።

ከመፈረም በፊት ወለዱ የሚለዋወጥ መሆን አለመሆኑን፣ የአገልግሎትና የመድን ክፍያዎችን፣ እንዲሁም ብድርን ከጊዜው ቀድሞ መክፈል የሚያስከትለውን ወጪ ጠይቆ መረዳት ተገቢ ነው። ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚፈልጉ ዜጎችም የሙራባሃ የፋይናንስ አማራጭን ከሚሰጡ ባንኮች መረጃ ማግኘት ይችላሉ።