በጋለ ሽቦ የሚወጣ ክንፍ

የአውሮፕላን ክንፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሉሚኒየም ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ በርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞሃቪ ላይ ያበረራት ቫሪኢዚ ግን የክንፏ ሆድ ፎም ነበር። ፎሙ በጋለ ሽቦ ተቆርጦ፣ ፋይበር ግላስና ኢፖክሲ ለብሶ፣ ሰው ይዞ በረረ። ፕላኗ ለሽያጭ ሲቀርብም ብዙ ሰዎች በየጋራዣቸው ሠሯት። የሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ዘዴውን ከዚያም በፊት ያውቁት ነበር። እስካሁንም አልተዉትም፤ አንድ ጠረጴዛና ነፋስ የሚገባበት ክፍል ይበቃቸዋል።

ቴሌቪዥን ከካርቶን ሲወጣ ዙሪያውን ደግፎ የሚገኘው፣ ሲሰበር እንደ ፍሬ የሚበተነው ነጭ ፎም ፖሊስታይሪን ነው። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ለመለማመጃ ይመቻል። በውጭ አገር ለቤት ግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ የሚሸጠው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ፎምም ያው ፖሊስታይሪን ነው፤ ፍሬ ስለሌለው ግን ወጥ ነው፣ ይከብዳል፣ ይጠነክራልም። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ፎም ግን በምንም ዓይነት በጋለ ሽቦ አይቆረጥም፤ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ዓይነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ፎም ሽቦ አጠገብ መድረስ የለበትም። የፖሊስታይሪኑ ጭስም ቢሆን ለሳምባ አይበጅም፤ በርና መስኮት ከፍቶ መሥራት ግድ ነው።

የሚበዛው ሽቦ ኒክሮም ነው፤ 80 በመቶ ያህሉ ኒኬል፣ ቀሪው ክሮሚየም። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር ተጠምዝዞ የሚግለው ሬዚስታንስ የዚሁ ዘመድ ነው። ሽቦው በእንጨት ደጋን ላይ ይወጠራል። ብረት ሲግል ስለሚረዝም በአንደኛው ጫፍ ሞላ ይደረግለታል፤ ሞላው ከሌለ ሽቦው እንደጋለ ይረግባል፣ የረገበ ሽቦ ደግሞ ቀጥ ያለ ክንፍ አያወጣም። ሽቦው ራቁቱን ስለሆነ ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ አይገናኝም። የመብራት ማደብዘዣ ብቻውንም ከአደጋ አያድንም። ከዋናው መስመር በትራንስፎርመር የተለየ፣ ቮልቱ ዝቅተኛና የሚስተካከል የኃይል ምንጭ ያስፈልጋል።

የክንፉ ቅርጽ የሚመጣው ከፎርማው ነው። ፎርማ ማለት የክንፉ የጎን ቅርጽ በፎርማይካ ወይም በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ተቆርጦ፣ በፎሙ ሁለት ጫፎች በምስማር የሚሰካ ነው። ለጀማሪ ክላርክ ዋይ የሚባለውን ቅርጽ እመርጣለሁ። ቨርጂኒየስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣው ነው፤ አብራሪው ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን የተሻገረበት አውሮፕላን ክንፍም ይኸው ነበር። ሆዱ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ደልደል ብሎ ይቀመጣል። የፎርማው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ መታሸት አለበት፤ ሽቦው እየተንሸራተተ ሲሄድ ትንሽ ጉድፍ ከያዘው እዚያው ቆሞ ፎሙን ይቦረቡረዋል። ክንፉ በኋላ 1.5 ሚሊ ሜትር ባልሳ እንጨት የሚለብስ ከሆነ ያን ያህል ከፎርማው ዙሪያ ይቀነሳል። ይህን የዘነጋ ሰው ከፈለገው የወፈረ ክንፍ ይወጣለታል።

ቆረጣው ላይ ሁለት ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ እኔ ከዚህ ሥራ አብልጬ የምወደውም ይህንን ክፍል ነው። ክንፉ ከሥሩ 25፣ ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። ሽቦው ሁለቱንም ጎን እኩል ጀምሮ እኩል መጨረስ ስላለበት፣ ሁለቱም ፎርማዎች በ10 እኩል ክፍል ይከፈሉና ቁጥር ይጻፍባቸዋል። በሥሩ በኩል ያለው ሰው 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ የጫፉ ሰው 1.5 ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። አንደኛው ይጠራል፤ «ሦስት... ሦስት ተኩል... አራት!» ሌላኛው በዚያው ልክ ይከተላል፤ ቢቀድም «ቆይ፣ ቆይ» ይባላል። ማንም ሽቦውን አይገፋም። ከተገፋ ጫፎቹ ፎርማው ላይ እንዳሉ መሐሉ ወደ ኋላ ይቀርና ይጎብጣል፤ በተለይ በፊተኛው ጠርዝ ቅርጹን ያበላሻል። እዚያ ሲደርሱ መሐሉ እስኪደርስ ትንሽ መታገስ ነው። ሽቦው ሊቀላ አይገባም፤ በጣም ከጋለ ፎሙን ከሚነካው በላይ እያቀለጠ ይሄዳል። ሙቀቱና ፍጥነቱ ሲስማሙ ፎሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ጸጉር ይቀራል፤ በእጅ ሲጠረግ ይለቃል።

የጫፉን ፎርማ የኋላ ጠርዝ ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ መስካት ደግሞ ክንፉን ጠመም ያደርገዋል። በዚህም አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ ቀድሞ ማንሳት የሚያቆመው የክንፉ ሥር ይሆናል፤ ጫፉ እየሠራ ስለሚቆይ፣ ኤሌሮኖቹ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት ተንቀሳቃሽ የክንፍ ክፍሎች) ይታዘዛሉ።

ክንፉ ሲወጣ ከላይና ከታች የሚቀሩት የፎም ቅርፊቶች አይጣሉም። ባልሳው ሲለጠፍ ክንፉ በመሐላቸው ገብቶ ክብደት ይጫንበታል፤ ቅርጹ በትክክል ስለሚገጥም ጫናው የትም እኩል ይደርሳል። በማጣበቂያ ግን መጠንቀቅ ነው። ተራ ማስቲሽ፣ ቤንዚንና ፖሊስተር ሬዚን ፖሊስታይሪንን ይበሉታል፤ ኢፖክሲ አይነካውም። ልባሱ የግድ ነው፤ ፎሙ ቅርጽ ይይዛል እንጂ በበረራ ጊዜ የላይኛው ልባስ እየተጨመቀ፣ የታችኛው እየተወጠረ ሸክሙን የሚችለው እሱ ነው።

ዛሬ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ለየብቻ በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሱ ባለአራት ሞተር ማሽኖች አሉ፤ ቁጥር ጠሪ አያስፈልጋቸውም። ይሁንና ለሚቆረጠው ፎም የሚስማማውን ሙቀትና ፍጥነት የሚነግራቸው ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ ከእጅ በላይ የሚያስተምር የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከሥር እስከ ጫፍ ስፋቱ አንድ የሆነ ክንፍ፣ በሁለት ተመሳሳይ ፎርማዎች፣ ከነጩ የካርቶን ፎም ቢቆርጥ ጥሩ ነው። የግራውን ከጨረሰ በኋላ ለቀኙ ፎርማዎቹን ማዟዟር አይጠበቅበትም፤ ስፋቱ አንድ የሆነ ክንፍ ግራውም ቀኙም ከአንድ ረጅም ቁራጭ ይወጣል።