ያረጀች ድመት መታመሟ በምን ይታወቃል?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል ተረታችን። ተረቱ የተነገረው ክፉ ጠባዩን መተው ለማይችል ሰው ነው። ነገር ግን በድመቷም በኩል ቢሆን እውነት አለበት። ድመት ልማድ የምትወድ እንስሳ ናት። የምትተኛበት ቦታ፣ የምትበላበት ሰዓት፣ ጥፍሯን የምትስልበት ግንድ ሁልጊዜ ያው ነው። እንግዲህ ድመት ዓመሏን ከረሳች አንድ ነገር አግኝቷታል ማለት ነው። ያረጀች ድመት ከሆነች ደግሞ ያ ነገር ብዙ ጊዜ በሽታ ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ምን ይደረግ፣ አርጅታለች» ብሎ ያልፋል። እርጅና ግን በሽታ አይደለም። እርጅና ሰውነትን ያደክማል፤ ለበሽታም በር ይከፍታል። ቢሆንም እርጅና ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው። ባንድ ወር ውስጥ አጥንቷ የወጣ ድመት ያረጀች ብቻ ሳትሆን የታመመች ናት።

ስለ ድመት ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

«በሬና ላም እያሉ ስለ ድመት ምን ያስጨንቃል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ድመት የጎተራ ዘበኛ ናት። አይጥ እህል መብላት ብቻ አይደለም ሥራው። ከረጢት ይቀዳል፤ የተረፈውንም በሽንቱና በኩሱ ያበላሻል። ድመቷ ታማ ማደን ስትተው አይጡ ወዲያው ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ። ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል።

ሦስተኛ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ቤታችንን የጠበቀች እንስሳ ጥግ ይዛ ስትሠቃይ ዝም ብሎ ማየት አይገባም።

ድመት መቼ አረጀች ይባላል?

ድመት 10 ዓመት ካለፋት ወደ እርጅና ገብታለች። በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። 15 ዓመት የሞላት ድመት በሰው ዕድሜ ብትገመት ወደ 75 ዓመት አዛውንት ትጠጋለች። የተወለደችበት ቀን ካልተጻፈ «ልጃችን በተወለደ ዓመት የመጣች ናት» እያላችሁ በማስታወስ ዕድሜዋን መገመት ትችላላችሁ።

ድመት ሕመሟን ደባቂ ናት። የሩቅ ዘሯ የዱር እንስሳ ነበር። ዱር ውስጥ ትናንሹን ታድናለች፤ በትልልቁ አውሬ ደግሞ ትታደናለች። መድከሟን ያሳየች እንደሆነ ትበላለች። ስለዚህ ቢያማትም አትጮህም። ዝም ብላ ጨለማ ቦታ ትገባለች። እኛ ካልተመለከትናት በቀር እሷ አትነግረንም።

የበሽታ ምልክቶች

1. ክሳት። የድመት ክሳት በጸጉሯ ይሸፈናል። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም። እጃችሁን በጀርባዋና በጎኗ ላይ አሳልፉ። የጀርባ አጥንቷ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሰማችሁ ከስታለች። ሚዛን ከተገኘ ደግሞ በቅርጫት አድርጋችሁ መዝኗት፤ የቅርጫቱንም ክብደት ቀንሱ። አንድ ሒሳብ እንሥራ። 4 ኪሎ የነበረች ድመት ግማሽ ኪሎ ብትቀንስ ከስምንት እጅ አንዱን እጅ አጣች ማለት ነው። ይኸውም 64 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ እንደ መቀነሱ ነው። ግማሽ ኪሎ ለድመት ቀላል ነገር አይደለም። እየበላች የምትከሳ ድመትም አለች። እንዲያውም ከድሮው አብልጣ ትበላለች፤ ዕረፍት ታጣለች፤ ሌሊት ትጮሃለች። ይህ አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት የሚያበጀው ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል።

2. ውኃ ማብዛት። ድመት በተፈጥሮዋ ብዙ ውኃ አትጠጣም። አይጥ የምትበላ ድመት ከሥጋው ውስጥ ውኃ ታገኛለች። ዘወትር ከእንስራ ሥር የማትጠፋ፣ ሽንቷም የበዛ እንደሆነ ኩላሊቷ ተዳክሞ ይሆናል። የስኳር በሽታም ይህንኑ ምልክት ያሳያል። «ቤት ታረጥባለች» ብሎ ውኃ መከልከል ትልቅ ጥፋት ነው። ኩላሊቷ የደከመ ድመት ውኃ ካጣች ፈጥና ትሞታለች።

3. መብላት እየፈለገች አለመቻል። ወደ ምግቡ ትመጣለች፤ ታሸታለች፤ ትሸሻለች። ወይም ባንድ ጎኗ ብቻ ታኝካለች፤ ያነሣችውን ትጥላለች። አፏ ይሸታል፤ ለሃጯ ይወርዳል። ይህ ብዙ ጊዜ የጥርስና የድድ ሕመም ነው። ሆኖም ለሃጯ የሚወርድ ድመት አፍ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። ምክንያቱን ኋላ እናየዋለን። ከአንድ ቀን በላይ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ያስፈልጋታል። ድመት ጨርሳ መብላት ስታቆም ስብ ጉበቷ ውስጥ እየተከማቸ ሌላ በሽታ ያመጣባታል።

4. መዝለል መተው። ድሮ ካንድ ዝላይ ቆጥ ላይ ትወጣ የነበረች ድመት አሁን መደብ ላይ ለመውጣት ታመነታለች። መገጣጠሚያዋ ያማታል። ጥፍሯን ስለማትስል ያድግና የገዛ መዳፏን ይወጋታል።

5. የጸጉር መበላሸት። ጤነኛ ድመት በየቀኑ ጸጉሯን ትልሳለች። ጸጉሯ ከተንጨባረረና ከተቋጠረ፣ ቁንጫ ከወረራት፣ ራሷን ማጽዳት አልቻለችም ማለት ነው።

6. የሽንትና የኩስ ለውጥ። ንጹሕ የነበረች ድመት ቤት ውስጥ መሽናት ብትጀምር አትምቷት። ባለጌ ሆና ሳይሆን ታማ ነው። በተለይ ወንድ ድመት ለመሽናት እያማጠ ሽንት እንቢ ካለው ቀጠሮ የለውም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ካላየው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

7. አተነፋፈስ። ድመቷ ተኝታ ሳለች ጎኗን ተመልከቱ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ሰዓት ይዛችሁ ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ። የጤነኛ ድመት ትንፋሽ ከ15 እስከ 30 ነው። ተኝታ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ልቧ ወይም ሳንባዋ ታሞ ይሆናል። ሳትሮጥ አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት በአደጋ ላይ ናት።

8. ዓይን፣ ድድና እባጭ። ከዕቃ ጋር የምትጋጭ፣ የዓይኗ ብሌን በብርሃንም ሰፍቶ የሚቀር ድመት ማየት ተስኗታል። በደም ግፊት ምክንያት ባንድ ቀን የምትታወር ድመት አለች። የጤነኛ ድመት ድድ ሮዝ ነው። ከነጣ ደሟ አንሷል፤ ቢጫ ከሆነ ጉበቷን ወይም ደሟን ያማታል። በሴት ድመት ጡት ላይ የሚወጣ እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ ነው። ነጭ ድመት ደግሞ ጆሮዋና አፍንጫዋ ላይ የማይድን ቁስል ከወጣባት ከፀሐይ የመጣ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

የእብድ ውሻ በሽታን አትርሱ

ገር የነበረች ድመት ያለ ምክንያት ብትነክስና ብትቧጭር፣ ወይም አስፈሪ የነበረች ድመት በድንገት ሰው ሰው ብትል፣ ለሃጭ ቢዝረበረብ፣ ድምጿ ቢለወጥ፣ እግሯን ማዘዝ ቢያቅታት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ። አትንኳት። ልጆችን አርቁ። ቤት ውስጥ ካለች በሩን ዘግታችሁባት ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ ንገሩ።

የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ፣ የባህል መድኃኒት ብቻ ይዞ መቆየት ሕይወት ያሳጣል። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባት አለው። ይህ ክትባት በፈረንሳይ አገር በሉዊ ፓስተር አማካይነት በ1885፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰው ላይ ውሎ ሕፃን አድኗል። ድመትም እንደ ውሻ አስቀድማ ትከተባለች።

ምን እናድርግ? ምንስ አናድርግ?

ለታመመች ድመት ሙቅ ቦታ ስጧት፤ ንጹሕ ውኃ አጠገቧ አኑሩ፤ ሥጋ አድቅቃችሁ አብሏት። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ያለበትን ወጥ አትስጧት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል። ወተትም ያስቀምጣት እንደሆነ ይቅር።

የሰው ክኒን ከቶ አትስጡ። ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማጣራት አይችልም። አንድ ክኒን ብቻ ይበቃታል።

ለቁንጫ ብላችሁ ጋዝ፣ ፀረ ተባይ ወይም ለውሻና ለከብት የተሠራ መድኃኒት አትቀቧት። ድመት ጸጉሯን ስለምትልስ መርዙን ትውጠዋለች። ቆዳዋ ላይ ብቻ ሆኖ የሚገድላትም አለ። ድመት ባለበት ቤት የአይጥ መርዝ አትበትኑ። የተመረዘ አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች።

ከሁሉ በላይ ያያችሁትን ጻፉ። ፊደል መቁጠር እንዲህ ላለው ነገርም ይጠቅማል። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ሲጠይቅ «ቆየት ብሏል» ከማለት ወረቀቱን ማሳየት ይሻላል። አጻጻፉ ይህን ይመስላል፦

መስከረም 5፦ ክብደት 4 ኪሎ። ደህና ትበላለች። አይጥ ይዛለች።
ጥቅምት 5፦ ክብደት 3 ኪሎ ከ800 ግራም። ውኃ ታበዛለች።
ኅዳር 5፦ ክብደት 3 ኪሎ ተኩል። ቆጥ ላይ መውጣት ትታለች።

ይህን ወረቀት ያየ ሐኪም ድመቷ በሁለት ወር ግማሽ ኪሎ መቀነሷን ወዲያው ያውቃል። ወዴት እንደሚመረምርም ይገባዋል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሁሉም በሽታ ይድናል ብላችሁ አትጠብቁ። የታመመ ጥርስ ይነቀላል፤ ቁስል ይታከማል፤ ትል በመድኃኒት ይወጣል። የደከመ ኩላሊት ግን ተመልሶ አዲስ አይሆንም። ቢሆንም በጊዜ ከታወቀ በምግብና በውኃ አያያዝ ዕድሜዋን ማራዘም፣ ሥቃይዋንም መቀነስ ይቻላል። ተስፋ የሌላትን ድመት ደግሞ ሐኪሙ ሳያሠቃይ ያሳርፋታል። በዱላ ከመምታት ወይም ጫካ ወስዶ ከመጣል ይህ ይሻላል።

በአጭሩ የምንይዘው ቁም ነገር ይኼ ነው። ድመታችሁ በደህናዋ ቀን ምን እንደምትመስል እወቁ። ስንት ትበላለች? የት ትተኛለች? ምን ላይ ትዘላለች? ይህን ያወቀ ሰው ለውጡን ቶሎ ያያል። ዓመሏን የረሳችውን ድመት «አርጅታ ነው» ብላችሁ አትተዉ፤ «ምን አገኛት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እርጅናና በሽታ በምን ይለያያሉ?
2. 3 ኪሎ የነበረች ድመት 300 ግራም ብትቀንስ ከአሥር እጅ ስንቱን እጅ አጣች?
3. ድመት የነከሰችው ሰው መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት?
4. በቤታችሁ ድመት ካለች ዛሬ ማታ ስትተኛ ትንፋሿን ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ። ስንት ሆነ? ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት።